ኤሊ የጠየቀችው ዓይን

በአንድ ደጋ አገር እንስሳትና አራዊት በአንድ ሸንጎ ሥር ይኖሩ ነበር። ንጉሡ አያ አንበሶ ነው። ከየቤቱ በየመኸሩ አሥራት እየተሰፈረ የሚገባበት የጋራ ጎተራ ነበራቸው፤ ቁልፉም በአያ ጅቦ እጅ ነበር። ጅብ እህል ስለማይበላ ለእህል የታመነ ጠባቂ ይሆናል ብለው ነው የሾሙት። እህል በሥጋ እንደሚለወጥ በዚያ ቀን ያነሣ አልነበረም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። በልጉ ሳይጥል አለፈ፤ ሰኔ ደመናውን አሳይቶ ወሰደ፤ ሐምሌ በነፋስ ገባ። ቀድሞ የደረቀው ቆላው ነበር። ደገኞቹ ይህን ያወቁት ከቆላ መልእክተኛ መጥቶ አይደለም፤ ጥንብ አንሣዎች ወደ ምሥራቅ ሲጎርፉ አይተው ነው። ጥንብ አንሣ እንደ ንስር ከፍ ይላል፣ ሩቅም ያያል፤ የሚፈልገው ግን የሞተውን ነው። እርሱን አይቶ የሚነሣ አገር የሚደርሰው ለቀብር ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የእመት አህዪት ውርንጭላ ሞተ። ውኃ ፍለጋ ይዛው የወረደችበት ወንዝ አሸዋ ሆኖ ጠበቃት። በሌላው አቅጣጫ፣ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ፣ ያልነጠፈ ምንጭ ነበረ። የነገራት የለም፤ የሚያውቅም አልነበረምና።

ዝናቡ በተመለሰበት ዓመት መስከረም ላይ ሸንጎው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ከሁሉ ቀድማ ቃል የጠየቀችው እመት ኤሊ ነበረች።

«ጃንሆይ፣ እናንተም ሽማግሎች» አለች፤ «በተራራው አናት የምትኖረውን ንስር ከጎተራው እንቀልባት። አደኗን ትታ ቀኑን ሙሉ ከደመና በላይ እየዞረች አገሩን ትይልን። ደመናው ከየት እንደሚነሣ፣ ሣሩ የት እንደጠወለገ፣ ውኃው የት እንደተረፈ እየወረደች ትንገረን። ለሥጋዋ የሚለወጠው ከመቶ ዳውላ አንድ ዳውላ ነው።»

አያ አንበሶ ጎፈሩን ነቀነቀ፤ ነገሩ ደስ አሰኝቶታል። «አንገቷ ላይ የወርቅ ቃጭል ይታሰርላት» አለ። «ክንፏ ላይም የእኔ መልክ ይሣል። የጎረቤት ነገሥታት ቀና ብለው ይዩን።»

ያን ጊዜ እመት አህዪት ከኋላ ተነሣች። ጀርባዋ በጭነት የተላጠ ነው፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ጃንሆይ፣ ልጄን ከቀበርሁ ዓመት አልሞላኝም። ያን ጊዜ ከዚህ ጎተራ አንድ ቁና ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ባዶዬን ተመለስሁ። ዛሬ ለሰማይ ዳውላ ተገኘ? ወደዚህ ጎተራ የገባው እህል ሁሉ በእኔና በወገኖቼ ጀርባ ነው የመጣው። ሰማይ ተርቦ አያውቅም። የተራበው ምድር ላይ ያለው ነው።»

ይህን የአህዪትን ቃል ቶሎ ልሻገረው አልችልም። በእውነተኛው ዓለምም ተጠይቋልና፤ ያውም በቅሎ ባለበት። ሐምሌ 8 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሊወነጨፍ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድና ተተኪ የነበረው ራልፍ አበርናቲ ድሆች ቤተሰቦችን አስከትሎ፣ በቅሎ የሚስበው ጋሪ ይዞ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሮኬቱ ከቆመበት ሥፍራ ደጃፍ ድረስ ሄደ። የናሳ ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥቶ ተቀበለው። ሮኬቱን ባለማስነሣት ድህነትን ማጥፋት ቢቻል ኖሮ እንደማያስነሣው ነገረው፤ ጋሪያችሁን ከሮኬታችን ጋር እሰሩት፣ የጠፈሩን ሥራ አገር ሌላውን ችግሯን እንድትታገል ማነሣሻ አድርጉት ሲልም ጠየቀ። አበርናቲ ደግሞ ለጠፈርተኞቹ ጸለየላቸው። ሁለቱም ከልባቸው እንደተናገሩ አምናለሁ። ግን ጋሪውን ከሮኬቱ ጋር የሚያስረው ገመድ ከምን ይገመዳል? ማንስ ይገምደዋል? አሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. ከፌዴራል በጀቷ ከመቶ 4 በላይ ለናሳ ታወጣ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሂሳቡ ይህን ያህል ሲወርድ የበቅሎዎቹ ጋሪ ጥያቄ አብሮ አልወረደም። ይህ ተረት ስለዚያ ገመድ ነው።

ወደ ዋርካው እንመለስ። አያ ጅቦ የአህዪትን ቃል ከአፏ ነጥቆ «እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ድሃ እያለቀሰ ወፍ መቀለብ ግፍ ነው። እህሉ ከጎተራው አይውጣ!»

እመት ኤሊ አንገቷን ከድንጋይዋ አውጥታ አየችው። «አያ ጅቦ፣ ባለፈው ዓመት ንስር አልቀለብንም። ያ ለንስር ያልወጣው ዳውላ ለእመት አህዪት ልጅ ደረሰለት?»

የሚመልስ ጠፋ። አህዪት ራሷ ዘወር ብላ ጅብን ለረጅም ጊዜ አየችው። በድሃ ስም የሚከራከር ሁሉ የድሃ ወገን አይደለም። ከአንድ ሥራ የቀረ ገንዘብ በራሱ እግር ወደ ተራበ ቤት አይሄድም፤ የሚወስደው ካልተገኘ እዚያው ቁልፉ ባለበት ይቀራል። ይህን አህዪት የተረዳችው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

«እመት አህዪት፣ እህቴ» አለች ኤሊ፤ «አንቺን ለመርታት አልመጣሁም። ፈረስ አደጋውን በዓይኑ ካየ በኋላም ይሮጣል፣ ያመልጣል። ጃንሆይ ድርቅ ሲመጣ ሠራዊታቸውን ይዘው ውኃ ወዳለበት ይሻገራሉ። እኔ ከቤቴ እዚህ ለመድረስ አራት ቀን ሄጃለሁ። የነገውን አደጋ ዛሬ ቢነግሩኝ ምን ይረባኛል? ከወር በፊት ማወቅ አለብኝ። አንቺም ጭነት ተሸክመሽ፣ ልጅ አስከትለሽ ስትሄጂ ከእኔ እኩል ነሽ። ሩቅ የሚያይ ዓይን ለፈጣኑ ጌጥ ነው። ለዘገምተኛው ግን እግሩ ነው።»

እኔ የቆምሁት ከኤሊ ጋር ነው። መንግሥት ለጠፈር የሚያወጣው ገንዘብ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው ሲባል ስሰማ የሚቆጨኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሀብታም አገር ማዕበል ቢመጣበት መኪናና አስፋልት አለው፤ ቤቱ ዋስትና ተገብቶለታል፤ በሰዓታት ውስጥ ከተማ ይለቃል። በእግሯ የምትሄድ፣ ልጅ ያዘለች፣ ከብት የምትነዳ እናት ግን ቀናት ያስፈልጓታል። ሕንድን ተመልከቱ። በ1963 እ.ኤ.አ. ቱምባ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጀመሪያዋን ሮኬት ስታስወነጭፍ፣ መሥሪያ ቤቱ ከመንደሩ የተረከቡት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የሮኬቱ አካል በብስክሌት ተጭኖ ሲገፋ የሚያሳይ ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ አለ። ለረሃብተኛ አገር ሮኬት ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ ያኔም ነበር። ከዚያ በ1999 እ.ኤ.አ. በኦዲሻ ጠረፍ የመጣው አውሎ ነፋስ 10,000 ያህል ሰው ገደለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ፋይሊን የተባለው ብርቱ ማዕበል እዚያው ጠረፍ ላይ ሲወርድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አስቀድሞ ቦታውን ለቅቆ ነበር፤ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ማዕበሉን ገና ባሕር ላይ ሳለ ያዩት ሳተላይቶች ናቸው። ሰውን ያተረፉት ግን ሳተላይቶቹ ብቻ አልነበሩም፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት በጠረፉ የተሠሩት መጠለያዎች፣ ከቤት ቤት እየሄዱ ያስጠነቀቁት የመንደር ሰዎችም ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ተረቱም ወደዚያው እየሄደ ነው።

እመት አህዪት ጥቂት አሰበችና «እሺ እመት ኤሊ፣ እርስዎን አምናለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ንስሪቱ ያየችውን መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አለ አያ አንበሶ። «ንጉሡ እያለ ማን ሊሰማ ነው?»

አህዪት ሌላ አልተናገረችም። ሸንጎው ዳውላውን ፈቀደ፤ የጥያቄዋ መልስ ግን በዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ንስሪቱ የበረረችበት ቀን እንዴት ያለ ቀን ነበር! ጥጃው፣ ግልገሉ፣ ጫጩቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ወጥቶ አንጋጠጠ። ቃጭሏ ከደመና በላይ ሆኖ እስኪጠፋ ድረስ ተሰማ። ከአህዪት ዘመዶች የቀሩ አልነበሩም።

እኛም እንዲህ ያለ ቀን አይተናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ማስወንጨፊያ ወደ ሰማይ ወጣች። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ፣ ከዚያም 6 ሚሊዮኑን ቻይና እንደሸፈነች በጊዜው ተነግሯል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን በ2004 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ሰዎች፣ አገር እየተራበች ስለ ጠፈር ማውራት እብደት ነው ተብለው ነበር። እነርሱ ግን እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ በሚደርሰው ጋራ፣ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እስኪቆሙ ድረስ አልተመለሱም። የሳተላይቷ መቆጣጠሪያና መረጃ መቀበያ ጣቢያም እዚያው እንጦጦ ተተከለ። ያን ጧት ተሰብስበው ያዩት ወጣቶች ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ማንም እንዲያናንቀው አልፈልግም። ነገር ግን በዚያው ወቅት በምሥራቁና በሰሜኑ ማሳ ላይ አንበጣ ሰፍሮ ነበር።

በተረቱም እንዲሁ ሆነ። ንስሪቱ በሁለተኛው ዓመት ከባሕሩ ማዶ ያለውን ታላቅ በረሃ ስታይ ሣር አብቅሎ አገኘችው። በረሃ አረንጓዴ ሲሆን ደስ ይላል፤ እርሷ ግን ዝቅ ብላ ስታየው ከሣሩ ሥር አፈሩ ይርመሰመሳል፤ የአንበጣ ኩብኩባ ነው።

ይህን ከራሴ አልፈጠርሁትም። በ2018 እ.ኤ.አ. ሜኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በወራት ልዩነት የዓረብን ሰፊ በረሃ፣ ሩብ አል ኻሊን፣ በዝናብ አራሱት። ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ አንበጣው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ የመንን አቋርጦ፣ ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ መጣ። መንጋው ነፋስ ሲረዳው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ብቻ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ25 ዓመት እንደዚያ ያለ አላዩም፤ ኬንያ በ70 ዓመት። በረሃው ሲረጥብና ሲለመልም ከሰማይ ይታያል፤ የአንበጣ ተከታታዮች ከሳተላይት የሚፈልጉት ያንኑ ልምላሜ ነው። ችግሩ ያየው ዓይን ያየውን ለማን፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው መንገድ ያደርሳል የሚለው ነው።

ንስሪቱ ክንፏን ሰብስባ ቤተ መንግሥቱ ደጅ ላይ ወረደች። ዕለቱ ግን የአያ አንበሶ የንግሥ በዓል ነው። አጋፋሪው ነብር «ዛሬ ክፉ ወሬ አይገባም» ብሎ መለሳት። በማግስቱ ንጉሡ ደክሞት ተኝቷል። በሦስተኛው ቀን ቃሏ ገባ፤ አማካሪዎቹም ሕዝብ እንዳይደነግጥ ይቆይ አሉ። ቆየ። በጥቅምት ሰማዩ ጠቆረ፤ ለአጨዳ የደረሰው ማሽላ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገዳ ብቻ ሆነ።

በዚህ ቦታ ላይ ተረት እየተረትሁ እንዳልሆነ የሚሰማኝ 1977 ዓ.ም. ስለማይረሳኝ ነው። ያ ረሃብ ያልታየ ረሃብ አልነበረም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መጋቢት 1976 ዓ.ም. ላይ ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ለለጋሾች ተናግሮ ነበር። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ፤ መንግሥት ደግሞ መስከረም ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር አዲስ አበባን ያስጌጥ ነበር። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ካሜራ ከኮረም የሬሳውን ረድፍ ሲያሳይ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያይ ነበረ፤ የሚናገርም ነበረ። የጎደለው ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮና ከሰማ በኋላ የሚነሣ እግር ነው። ስለዚህ የሳተላይት ነገር ሲነሣ፣ ቴክኖሎጂው ካለ ረሃብ አይኖርም የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም።

ከአንበጣው በኋላ ሸንጎው እንደገና ተሰበሰበ። ሁሉም እመት አህዪትን ይጠብቃል። ዳውላው ይቁም፣ ንስሪቱ ወደ አደኗ ትመለስ ትላለች ብለው ነው። አያ ጅቦማ ቀድሞ ለማጨብጨብ ተዘጋጅቷል።

ከእርሷ በፊት ግን እመት ጦጢት ቃል ወሰደች። «እኔ ሌላ ብልሃት አለኝ» አለች። «ከባሕር ማዶ ያሉት ታላላቅ ነገሥታት አሥር ንስር አሏቸው። የእነርሱ ንስሮች በእኛም ሰማይ ያልፋሉ፤ ያዩትንም በነፃ ይነግሩናል። ለምን የራሳችንን እንቀልባለን?»

ምክሯ የሰነፍ ምክር አይደለም። አሜሪካ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሠማራቻቸው የላንድሳት ሳተላይቶች የተነሣውን የምድር ምስል ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለማንም በነፃ ትሰጣለች። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ካስተማራት በኋላም በ1985 እ.ኤ.አ. ፊውስ ኔት ተብሎ የሚታወቀውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረች፤ የዝናቡንና የልምላሜውን ሁኔታ ከሰማይ እየተከታተለ ለብዙ አገር ሲያስጠነቅቅ የኖረ ነው። የብዙዎችን ሕይወት እንዳተረፈ እኔም አመሰግናለሁ።

«እመት ጦጢት» አለች ንስሪቱ ራሷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸንጎ ተናግራ፤ «የማዶዎቹ ንስሮች እህቶቼ ናቸው፤ ከደመና በላይ እንገናኛለን። ግን የሚቀልባቸው የማዶው ጎተራ ነው። የማዶው ሸንጎ አንድ ጧት ተጣልቶ ቁልፉን ቢያዞር፣ እናንተ ያልተናገራችሁበት ጠብ ዓይናችሁን ይዘጋዋል።»

ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ላይ የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም የፊውስ ኔት ድረ ገጽ በድንገት ጨለመ፤ ሥራው መመለስ የጀመረው ከወራት በኋላ ነው። እዚህ ቆላ ውስጥ ዝናብ የሚጠብቀው ገበሬ በዋሽንግተኑ ክርክር ድምፅ አልነበረውም። ከሰው ጋር መተባበር መልካም ነው፤ የራስ የሆነ አንድ ዓይን ሳይኖር፣ የሌላውን ምስል የሚያነብ የራስ ባለሙያ ሳይኖር ግን ትብብሩ ጥገኝነት ይሆናል።

አሁን እመት አህዪት ተነሣች።

«ንስሪቱ ጥፋት የለባትም» አለች። «አይታለች፣ ተናግራለችም። እኔ ዳውላዬን የከፈልሁት ለቤተ መንግሥቱ ጆሮ አልነበረም። ስለዚህ ዘንድሮ ዳውላውን አላስቀርም፤ ሁለት ይሁን እላለሁ። አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለመንገድ። ንስሪቱ ያየችውን በተራራው ወገብ ላለው ጉሬዛ ትንገረው፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይጮኻል። በየመንደሩ አንድ አውራ ዶሮ ከጎተራው ይቀለብ፤ ሳይነጋ ተነሥቶ ለቤቱ ሁሉ ይናገር። ዶሮ የማይደርስበት እኛ አህዮች እንደርሳለን። ጃንሆይም ይስሙ፤ ከእኛ ጋር በአንድ ጊዜ።»

አያ አንበሶ አገሳ። ንጉሥ ወሬ ከዶሮ እኩል ይሰማል ወይ አለ። አማካሪዎቹም የመንደር ሰው ወሬውን አይረዳውም፣ ይሸበራል አሉ። እመት ኤሊ የሰጠችው መልስ አጭር ነው፤ «ባለፈው ጥቅምት ሳንሸበር ነው ያለቅነው» አለች። ለቃጭሉና ለሥዕሉ ይወጣ የነበረው ወርቅ ለዶሮዎቹ ቀለብ እንዲሆን ተወሰነ።

የዓይኑና የመንገዱ ዋጋ አለመለያየቱን ከአህዪት በተሻለ የተናገረ ባለሥልጣን አላውቅም። ብዙ ጊዜ መንግሥታት ለሚታየው ይከፍላሉ፤ ሮኬቱ ሲነሣ ሪባን አለ፣ ካሜራ አለ። ምስሉን ተቀብሎ ወደ ወረዳ የሚያወርደው ባለሙያ ደመወዝ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ስልክ፣ በአፋርኛና በሶማሊኛ የሚተላለፈው የሬዲዮ ማስታወቂያ ግን ሪባን የለውም። በእኔ እምነት ለጠፈር የሚጠየቅ እያንዳንዱ በጀት ከጎኑ ይህን ሁለተኛ ዳውላ ይዞ ካልመጣ ምክር ቤት ሊመልሰው ይገባል። ይዞ ከመጣ ግን በድሃ ስም ሊከለከል አይገባውም።

ከዚያ በኋላ አንድ የድርቅ ዓመት መጣ። ንስሪቱ ደመናው መቅረቱን ከሁለት ወር በፊት ተናገረች፤ ዶሮዎቹ ጮኹ፤ ቆላው ከነከብቱ ወደ ሩቁ ምንጭ ነቀለ። ሁሉም አልተረፈም። ሦስት መንደሮች ዶሮ አልደረሳቸውም ነበርና ከእነርሱ ብዙ ሞተ። ኤሊ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ከድርቁ ቀድማ ደረሰች። አያ ጅቦም በዚያው ዓመት ከሹመቱ ወረደ፤ በሌሊት ከጎተራው ጀርባ ወደ ገደሉ የሚወርደው የጭነት ዱካ ጧት ከላይ ሲታይ እንደ መንገድ ተሥሎ ነበር። ከፍ ያለ ዓይን ጎረቤትን ብቻ አያይም፤ የገዛ ቤትን ደን ማን እንደመነጠረው፣ የገዛ ወንዝን ማን እንደጠለፈው ያያል።

አሁን የቀረው የጉጉት ነገር ነው። በአራተኛው ሸንጎ አንዲት ትንሽ ጉጉት መጥታ በተራራው ራስ ላይ ለሚቆም ግንድ አንድ ቁና ጠየቀች። ምን ትሠሪበታለሽ ሲሏት «ከዋክብቱ ምን እንደሆኑ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች።

«ለማሽላ ይጠቅማል?» አሏት።

«አላውቅም» አለች። አልዋሸችም።

ብዙዎቹ ሊያባርሯት ተነሡ። ለንስሪቱ የተከራከሩት እንኳ ለዚህ ነገር አንደበት አጡ፤ ጥቅሙ የማይቆጠር ነገር በድሃ ጎተራ ፊት ማፈር አለበት ብለው ያምናሉና። ሳይጠበቅ ደግፎ የተነሣው ድምፅ የእመት አህዪት ነበር።

«እኔ በሌሊት ነው የምጫነው» አለች። «ጨው ተሸክሜ ከበረሃው ስወጣ ፀሐዩ ስለሚገድል ጉዞው በጨለማ ነው። የአጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ጭነቴ ሊወርድልኝ እንደቀረበ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አይቻታለሁ፤ ምን እንደሆነች ግን የነገረኝ የለም። ማወቅ የጠገበ ብቻ የሚያምረው ነገር ነው ያላችሁ ማን ነው? ከልጆቼ አንዷም ከጉጉቷ ጋር ትውጣ።»

እዚህ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1970 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ማሊንዲ ጠረፍ፣ ጣሊያኖች ባሕር ላይ ከተከሉት መድረክ፣ አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ተወነጨፈች። ቀኑ የኬንያ ነፃነት በዓል ስለነበረ ኡሁሩ አሏት፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ ተብላ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት እርሷ ናት፤ ዛሬ ጥቁር ጉድጓድ ስለምንላቸው ነገሮች የሰው ልጅ ባወቀው ውስጥ ድርሻ አላት። ስሟ የእኛ፣ ጠረፉ የእኛ ሆኖ በእውቀቱ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ድርሻ ግን ጥቂት ነበር። እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ለአንድ የጅማ ወይም የወልድያ ተማሪ እንዲህ ያለውን በር ከከፈቱለት፣ የወጣላቸው ብር ባከነ የሚለኝን አልቀበለውም።

ጉጉቷ ቁናዋን አገኘች። አያ አንበሶ ይህን ሲያይ ልቡ ተነሣና «እንግዲያው ጨረቃ ላይ የምትደርስ ንስር እንቀልብ» አለ፤ «ሃያ ዳውላ ብንሰጥ ምን አለ?»

«ጃንሆይ፣ ጨረቃን ጠልቼ አይደለም» አለች እመት አህዪት። «በሌሊት መንገዴን የምታበራልኝ እርሷ ናት። ለጨረቃ በየዓመቱ አንድ ቁና ይጠራቀምላት፤ ልጆቻችን ሲደርሱ ይወስኑበታል። ዘንድሮ ግን በቆላው ዶሮ ያልገባባቸው ሦስት መንደሮች አሉ። ባለፈው ድርቅ የሞቱትን ቁጥር ጉሬዛ ጽፎታል፤ ይነበብልን።»

ጉሬዛ አነበበው። ንባቡ ረዥም ነበር። ከዚያ ሸንጎው ለሦስቱ መንደሮች የሚበቃውን ቀለብ ከጎተራው አወጣ፤ የጨረቃዋም ቁና በስሟ ተመዘገበ።